ማዴራ ላይ አውሮፕላን ከነፋስ ጋር ታግሎ ሲያርፍ ለማየት

አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት የሚወድ ሰው የትም አገር ቆሞ ማየት ይችላል። ማዴራ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማዴራ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የፖርቱጋል ደሴት ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላ ወገን ባሕር ይዞታል። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ መንደርደሪያው ላይ ይወርዳል። ነፋሱ በበረታበት ቀን አንዱ አውሮፕላን ያርፋል፣ ተከታዩ ጎማው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ እያጓራ ተመልሶ ይነሳል፣ ሦስተኛው ባሕሩ ላይ ሲዞር ቆይቶ ሌላ ደሴት ሄዶ ያርፋል።

ዝም ብሎ ሄዶ የቆመ ሰው ግን ግማሹን አያየውም። አውሮፕላኑ ሲወዛወዝ ያያል እንጂ አብራሪው በዚያች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ለምንስ እንደተወው አይገባውም። ልብ የሚሰቅለው እሱ ስለሆነ መመሪያውን የምጀምረው ገና ቤት ሳላችሁ ነው።

1. ሳትሄዱ ቦታውን እወቁት

ማረፊያው የሚገኘው ሳንታ ክሩዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከዋና ከተማዋ ከፉንሻል በስተ ምሥራቅ ነው። በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት መንደርደሪያው 1,600 ሜትር ብቻ ነበር፤ ለጄት አውሮፕላን በጣም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1977 በከባድ ዝናብ ለሦስተኛ ጊዜ ለማረፍ የሞከረ ቦይንግ 727 ከመንደርደሪያው አልፎ ወጣና ከ164 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 131ዱ ሞቱ። እዚያ ስትቆሙ ይህን አስታውሱ። ዛሬ የምታዩት ጥንቃቄ በከንቱ የመጣ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መንደርደሪያው 200 ሜትር ያህል ተጨመረለት። ትልቁ ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የተመረቀው ነው። መሬት ስላልነበረ ከባሕሩ ዳር 180 የኮንክሪት ምሰሶዎች ተተከሉና መንደርደሪያው በእነሱ ላይ ተዘርግቶ 2,781 ሜትር ደረሰ። እያንዳንዱ ምሰሶ 3 ሜትር ውፍረት አለው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፍ የምሕንድስና ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ስትደርሱ ግማሽ ሰዓት መድቡና ከሥሩ ሂዱ፤ ፈጣኑ መንገድ በታች ያልፋል፣ የስፖርት ሜዳዎችም አሉ። ቀና ብሎ ያንን የምሰሶ ጫካ ያላየ ሰው፣ በላዩ ስለሚያርፈው አውሮፕላን ያለው ግምት ሙሉ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ማረፊያው የሚጠራው በደሴቲቱ ልጅ በክርስቲያኖ ሮናልዶ ስም ነው።

የርዝመቱ ችግር በዚህ ተፈታ። ነፋሱ ግን እንዳለ ነው።

2. ነፋሱን ማንበብ ተማሩ

ከመመሪያው ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት።

የደሴቲቱ ከፍተኛ ተራራ ፒኮ ሩይቮ 1,862 ሜትር ነው። መንደርደሪያው ከባሕር በላይ 58 ሜትር ብቻ ሆኖ በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ተቀምጧል። በዚያ የባሕር ክልል የሚበዛው ነፋስ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ካለ ውሃው ከድንጋዩ በፊት ለስላሳ ሆኖ ይመጣና ከኋላው ይጠማዘዛል፣ ይገለባበጣል፤ አየሩም ተራራውን ከተሻገረ በኋላ የሚሆነው እንደዚያ ነው፣ ማረፊያው ደግሞ ያለው ከድንጋዩ ኋላ ነው። ስለዚህ በመንደርደሪያው አንድ ጫፍ ያለው ነፋስና በሌላው ጫፍ ያለው ነፋስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተለያየ ሊሆን ይችላል። አብራሪውን የሚያስቸግረው ብርታቱ ብቻ ሳይሆን ይህ መለዋወጡ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እያንዳንዱ ትልቅ ማረፊያ ሜታር የሚባል አጭር የአየር ሁኔታ መልእክት ያወጣል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የማዴራ መለያ አራት ፊደል ነው፦ ኤል፣ ፒ፣ ኤም፣ ኤ። መልእክቱ ውስጥ መለያውና ሰዓቱ ካለፉ በኋላ የሚመጣውን የቁጥር ክምር ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በዲግሪ ይናገራሉ (360 ሰሜን፣ 90 ምሥራቅ)። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ፍጥነቱን በኖት ያሳያሉ፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጂ የሚል ፊደል ካለ ልብ በሉ፦ ከእሱ በኋላ ያለው ቁጥር ድንገት ብድግ የሚለው ነፋስ የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

መንደርደሪያው 05 እና 23 ይባላል። ዜሮ ጨምሩበት፦ በአንድ በኩል 50 ዲግሪ፣ በሌላ በኩል 230 ዲግሪ ያመለክታል። እንግዲህ ነፋሱ ከ350 ዲግሪ በ18 ኖት፣ ብድግ ሲል በ30 ኖት ይነፍሳል እንበል። ከ350 እስከ 50 ያለው ልዩነት 60 ዲግሪ ነው። የጎን ነፋሱን ለማወቅ ይህችን ያዙ፦ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ከሆነ የነፋሱ ግማሽ ከጎን ይመታል፤ 45 ከሆነ ከአሥር ሰባቱ፤ 60 ከሆነ ከአሥር ዘጠኝ የሚጠጋው። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከግራ የሚገፋው ነፋስ 16 ኖት ገደማ ነው፣ ብድግ ሲል ደግሞ ወደ 26 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ውጡ።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ሜታር የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ማዴራ በክረምት ከዚያ ጋር እኩል ነች፣ በበጋ አንድ ሰዓት ትቀድማለች (ክረምትና በጋ የምለው የአውሮፓውን ነው፤ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ላይ ይውላል)። ለአዲስ አበባ ሰው ከማዴራ ሰዓት ያለው ልዩነት በክረምት 3፣ በበጋ 2 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀየራችሁት ደግሞ ስድስቷን ሰዓት አትርሱ።

ልምምዱን ከቤታችሁ ጀምሩ። ቦሌ መለያው ኤች፣ ኤ፣ ኤ፣ ቢ ነው፤ መንደርደሪያዎቹም 07 እና 25 ናቸው። የዕለቱን ሜታር አንብቡና አውሮፕላኖቹ በየት በኩል እንደሚያርፉ ገምቱ፤ ከዚያ ሰማዩን አይታችሁ አረጋግጡ። (ነገርን ነገር ያነሳዋልና፦ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። በአብራሪው መለኪያ ላይ ፍጥነቱ ያው ሆኖ ሳለ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲደርስ ከማዴራ ይልቅ ከ10 ከመቶ በላይ ይፈጥናል። እያንዳንዱ አስቸጋሪ ማረፊያ የራሱ አመል አለው።)

3. ጉዞውን ለነፋሱ አመቻቹት

ነፋስ ቀጠሮ አያከብርም። ቢያንስ አራት አምስት ቀን መድቡ፤ ሁለት ቀን የሄደ ሰው ጸጥ ያለ ባሕርና በሰላም የሚያርፍ አውሮፕላን ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው መደበኛ ነፋስ በበጋ ወራት ይጠነክራል፤ በክረምት ደግሞ የአትላንቲክ ማዕበል ይመጣል። እኔ የምመርጠው በጋውን ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነፋሱ ቢበረታም አውሮፕላኑ ከሩቅ ጀምሮ ይታያል፤ በክረምት ደመናው ዝቅ ካለ ድምፁን እየሰማችሁ ትቀራላችሁ።

ፖርቱጋል የሸንገን አባል ስለሆነች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አትጠየቁም። ከሊዝበን ወደ ማዴራ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስድ በረራ ነው። ስትሄዱ በቀኝ በኩል የመስኮት ወንበር ያዙ። በ05 በኩል የምታርፉ ከሆነ መንደርደሪያው መጀመሪያ የሚታየው ከዚያ ነው።

4. የት ትቆማላችሁ?

ይህን የሚወስነው የዕለቱ አቅጣጫ ነው። ጠዋት ሜታሩን አይታችሁ፣ ፍላይትራዳር24 በሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ቀድመው ያረፉት አውሮፕላኖች የሄዱበትን መስመር አይታችሁ ተነሱ።

አውሮፕላኖቹ በ05 የሚያርፉ ከሆነ የሚመጡት ከሳንታ ክሩዝ በኩል ነው። ከተማዋ ውስጥ ባሕሩ ዳር ብትቆሙ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በአጠገባችሁ ያልፋል። ፀሐይ ከጀርባችሁ የምትሆንበት ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ግን ከማረፊያው በላይ ወዳለው ኮረብታ ውጡ። ከዚያ ላይ ሙሉ መንደርደሪያው፣ ከሥሩ ባሕሩ፣ ከሩቅ ደግሞ የሚዞረው አውሮፕላን በአንድ ዓይን ይታያል፤ ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች ብርሃኑ ያምራል። አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ኮረብታውን እላችኋለሁ። ከታች ያለው ጩኸቱንና ግዝፈቱን ይሰጣችኋል፤ ውሳኔው የሚታየው ግን ከላይ ነው።

በ23 የሚያርፉ ከሆነ ማሺኩ ከምትባለው ከተማ ወገን ስለሚመጡ አጉዋ ዴ ፔና ወደሚባለው ሰፈር ሂዱ። ተርሚናሉም ራሱ መንደርደሪያውን የሚያይ ሰገነት አለው፤ ሕፃናትና አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ መጸዳጃም፣ ጥላም፣ ቡናም ስላለ እሱ ይበቃል።

ከፉንሻል ወደ ሳንታ ክሩዝና ማሺኩ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። መኪና ከተከራያችሁ የኮረብታው መንገዶች ቀጥ ያሉ ዳገቶችና ጠባብ መሆናቸውን እወቁ። የሰው በር ላይ አታቁሙ። ፈጣኑ መንገድ ዳር ላይ ማቆምማ አይታሰብም።

የሩቅ ማያ መነጽር ያዙ፤ ከካሜራ ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል። ንፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ለስልኩ ተጨማሪ ባትሪም ያስፈልጋል። ለምሳ ከሳንታ ክሩዝ ቦሎ ዶ ካኮ ግዙ፤ በነጭ ሽንኩርት ቅቤ የተቀባ ትኩስ ቂጣ ነው፣ ቆሞ ለሚበላ ሰው ይመቻል።

5. አንዱን ማረፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታተሉ

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አውሮፕላኖች ስልክ ሳታነሱ እዩ። በ05 ሲያርፍ የምታዩት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጋራዣው ከሚባለው ቦታ አቅጣጫ ባሕሩ ላይ መብራቱ ይታያል። እዚህ በአብዛኛው ትልልቅ ማረፊያዎች ያለው፣ አውሮፕላኑን በሬዲዮ ጨረር በቀጥታ መስመር እስከ መንደርደሪያው የሚያደርሰው መሣሪያ የለም። አቀማመጡ አይፈቅድም፤ ተራራው መስመሩ ላይ ነው። ስለዚህ አብራሪው ወደ ዳርቻው በአንግል ይመጣና የመጨረሻውን ክፍል መንደርደሪያውን በዓይኑ እያየ ይበራል።

በዚህ ጊዜ ጎማው ወርዷል፣ የክንፉ ፍላፖች (ከክንፉ ኋላ የሚወርዱት ሰሌዳዎች) ተዘርግተዋል። አውሮፕላኑ ወደ ተራራው እየተጠጋ ይመስላል። ከዚያ ቀኝ ክንፉን ዝቅ አድርጎ ይታጠፋል። ኮረብታው ላይ ከሆናችሁ ሆዱ ሙሉ በሙሉ ወደ እናንተ ይዞራል፤ በመነጽር ስታዩት የክንፉ ጫፍ በየሴኮንዱ ሲስተካከል፣ ከክንፉ ኋላ ያሉት ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ላይና ታች ሲሉ ይታያል። ሌላ ማረፊያ ላይ አውሮፕላን ከብዙ ኪሎ ሜትር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን ክንፉ የሚስተካከለው መሬቱ በጣም ከቀረበ በኋላ ነው።

ክንፉ ሲስተካከል አፍንጫውን እዩ። ነፋሱ ከግራ ከሆነ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ወደ ነፋሱ ዞሯል፤ አውሮፕላኑ ግን በመንደርደሪያው መስመር ላይ በጎን ይመጣል። ስህተት አይደለም፤ በነፋስ ላለመወሰድ የሚደረግ ነው። አንገቱ ጠማማ ሆኖ የሚመጣበት መጠን የነፋሱን ብርታት ይነግራችኋል።

ከዚያ ዋናዋ ቅጽበት ትመጣለች፤ ጥቂት ሴኮንድ ናት። አብራሪው የአፍንጫውን ከፍታ ቀና ያደርጋል፣ በእግሩ የጅራቱን መሪ ረግጦ አውሮፕላኑን ከመንደርደሪያው ጋር ያቀናል፣ በዚያው ቅጽበት የግራ ክንፉን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ያለዚያ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ስለዚህ የግራው ጎማ ቀድሞ ይነካል። ጭስ ቡልቅ ይላል። ቀኙ ይከተላል፣ አፍንጫው በመጨረሻ ይወርዳል። ድምፁ ለእናንተ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ጠንከር አድርጎ መሬት የነካውን ሁሉ «መጥፎ ማረፍ» አትበሉ። እንዲህ ባለ ነፋስ መንሳፈፍ አደጋ ነው፤ በታሰበው ቦታ ላይ ቆፍጠን ብሎ መንካት ትክክለኛው ሥራ ነው።

እንግዲህ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ለጄት የካሜራውን ፍጥነት አንድ ሺኛ ሴኮንድ አካባቢ አድርጉ። ወደ ፖርቶ ሳንቶ ደሴት የሚመላለሰው ኤቲአር ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ ወደ አንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ሴኮንድ ዝቅ አድርጉለት፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ የቆመ መስሎ ይወጣል።

6. ተመልሶ ሲነሳ አጨብጭቡ

ከሁሉም በላይ ልታዩት የሚገባው ሳያርፍ የሚነሳውን ነው። ምልክቱ መጀመሪያ በዓይን ይታያል፤ መውረዱ ይቆማል፣ አፍንጫው ብድግ ይላል። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ኮረብታውን ይሞላዋል። ከዚያ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፍላፑ በደረጃ ይሰበሰባል፣ አውሮፕላኑ ወደ ባሕሩ ይወጣል።

አጠገባችሁ የቆመ ሰው «አቃተው» ሲል ትሰሙ ይሆናል። አልተሳካለትም ማለት ልክ አይደለም። ማዴራ ላይ የነፋስ ገደብ በአቅጣጫ በአቅጣጫ ተለይቶ የተደነገገ ነው፤ በብዙ ማረፊያዎች ገደቡን አየር መንገዱ ራሱ ሲወስን እዚህ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። ካፒቴኑም ለዚህ ማረፊያ የተለየ ሥልጠና ወስዶ ነው የሚመጣው። ሥልጠናው ማረፍን ብቻ አያስተምርም፤ መተውንም ያስተምራል። ከኋላው ከመቶ በላይ ሰው ተቀምጧል፣ መሬቱ ፊቱ ላይ ነው፣ ያም ሆኖ ነፋሱ አንድ ጊዜ ሲገፋው «ይቅር» ብሎ ይነሳል። አውሮፕላን ሲያርፍ በማየት ካገኘሁት ደስታ ሁሉ ይህን የሚተካከል የለም።

ከተነሳ በኋላ ስልካችሁ ላይ ተከተሉት። ባሕሩ ላይ ክብ እየሠራ ከሆነ ነፋሱ እስኪበርድ እየጠበቀ ነው። ለመጠበቅ የያዘው ነዳጅ ሲያልቅ ወደ ፖርቶ ሳንቶ፣ ወይም ወደ ስፔን ደሴቶች ወደ ግራን ካናሪያ ወይም ተኔሪፌ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ወደ ሊዝበን ይመለሳል። ፖርቶ ሳንቶ ጎረቤት ደሴት ናት፣ መንደርደሪያዋ 3,000 ሜትር ነው፣ ተራራም እንደ ማዴራ አይጫናትም። ሁለተኛ የሚሞክር ካለ ግን ቦታችሁን አትልቀቁ። ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር አስተያዩት፦ አፍንጫው የዞረበት መጠን ተለወጠ? መታጠፊያው ሰፋ? እንዲህ እያያችሁ ነው ዓይናችሁ የሚሠለጥነው።

7. ጥቂት የማይታለፉ ነገሮች

ድሮን በማረፊያው አካባቢ አታስነሱ፤ ክልክል ነው፣ የሰው ሕይወትም ነው። ወደ አውሮፕላን መብራት ወይም ሌዘር አትደቅኑ። አጥር አትደገፉ፣ አትውጡ። ማዴራ ላይ ከሕዝብ ቦታ ሆኖ አውሮፕላን ማንሳት የተለመደ ነው፤ ኢትዮጵያ ስትመለሱ ግን ያንኑ ልማድ ይዛችሁ ቦሌ ወይም ሌላ ማረፊያ አጠገብ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት የጥበቃ ኃላፊዎችን ጠይቁ።

የራሳችሁ በረራም በነፋሱ ሊስተጓጎል እንደሚችል አስቡ። የመመለሻችሁ ማግሥት ሥራ ወይም ሌላ ረጅም በረራ አትያዙ፤ አንድ ቀን ትርፍ ይኑራችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በረራ በአየር ሁኔታ ምክንያት ሲሰረዝ የገንዘብ ካሣ አይከፈልም። ነገር ግን አየር መንገዱ ምግብ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሆቴል የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በሌላ በረራ መሄድ ወይም የትኬቱን ገንዘብ መመለስ ደግሞ ምርጫው የእናንተ ነው። ይህን በአየር መንገዱ መስኮት ላይ ቆማችሁ በትሕትና ጠይቁ፣ ራሳችሁ ለምትከፍሉት ምግብና ማደሪያም ደረሰኝ ያዙ።